ኪልት ለብሰው ሲወጡ ከሰው ዓይን፣ ጥያቄና እጅ ጋር በተያያዘ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስኮትላንድ ውስጥ የሚኖር ሐበሻ ኪልት፣ ማለትም የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ቀሚስ መሰል ባህላዊ ልብስ፣ የሚለብስበት ቀን አንድ ጊዜ መምጣቱ አይቀርም። ወይ የሥራ ባልደረባው ሲያገባ ሚዜ ይሆናል፣ ወይ የሚስቱ ወገኖች ድግስ ይጠሩታል፣ ወይም የተቀጠረበት ሆቴል እንደ ደንብ ልብስ ይሰጠዋል። ሰርግ አዳራሹ ውስጥ ወንዱ ሁሉ ስለለበሰው ማንም ለይቶ አያየውም። ጣጣው የሚመጣው ሲወጣ ነው። ባቡር ላይ፣ መጠጥ ቤት ደጃፍ፣ ይልቁንም ከስኮትላንድ ውጭ፣ የሚያፈጥ፣ የሚሳለቅ፣ የማይጠየቀውን የሚጠይቅ፣ ሲብስም እጁን የሚሰድ ሰው ያጋጥማል። ብዙ ለባሾች የሚሳሳቱት ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቀው ስለሚያዩት ነው፤ ወይ በሁሉም ይቆጣሉ፣ ወይ ሁሉንም በሳቅ ያልፋሉ። እኔ የምለው የጠየቀንና የነካን ይለዩ ነው። ለጠያቂ ትዕግሥት ይገባዋል። ለነካ ግን አይገባውም።

ልብሱን በአግባቡ ሳይለብሱ መውጣት

የሰው ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ልብሱን በየደቂቃው በሚጎትት ሰው ላይ ነው። ኪልት እንደ ጂንስ ሱሪ ዳሌ ላይ አይታሰርም፤ ወገብ ላይ፣ እምብርት አካባቢ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርና ጫፉ ጉልበት መሃል ላይ ያርፋል። ሽንሽኑ ከኋላ፣ ዝርግ የሆነው ከፊት ነው። ጌጠኛው መርፌ የሚሰካው በላይኛው ዝርግ ላይ ብቻ ነው፤ የላይኛውንና የሥረኛውን ዝርግ ደራርበው ከሰኩት እርምጃዎን ይይዛል፣ ጨርቁንም ይቀድዳል።

ነፋስን የሚፈሩ ሰዎች ጨርቁን ይምረጡ። ደንበኛው ኪልት 8 ያርድ ገደማ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ የሱፍ ጨርቅ ይፈጃል፤ ክብደቱ ብቻውን ወደ ታች ይይዘዋል። ለቱሪስት የሚሸጠው ስስ ፖሊስተር ግን ትንሽ ነፋስ ሲነካው ይነሳል። ስለዚህ ሲከራዩ ሱፍ መሆኑን ይጠይቁ። ከፊት የሚንጠለጠለው ስፖራን የተባለው ቦርሳም የፊቱን ጨርቅ ይጫንልዎታል። ሲቀመጡ ሽንሽኑን በእጅዎ ጠረግ አድርገው ከኋላ ያስገቡ፣ የፊቱን በጉልበቶችዎ መሃል ይልቀቁት። ከመውጣትዎ በፊት ቤት ውስጥ ወንበር ላይና ደረጃ ላይ ይለማመዱት።

«ከሥሩ ምን ለብሰሃል?» ለሚለው ረጅም መልስ መስጠት

ይህ ጥያቄ ኪልት ለባሹን ሁሉ ያገኘዋል፤ ስኮትላንዳውያን ራሳቸው ሰልችቷቸዋል። መቆጣት ጠያቂውን ያበረታዋል። ማስረዳት ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠራል። «ጫማና ካልሲ» የሚለው የቆየ መልስ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ብለውት ፈገግ ይበሉና ወሬ ይቀይሩ። ደግሞ ከጠየቀ «መልሼልሃለሁ» ይበሉና ዞር ይበሉ።

ምንም አለመልበስ ግዴታ የሚመስላቸውም አሉ፤ አይደለም። ልማዱ ከሃይላንድ (የስኮትላንድ ተራራማ ሰሜናዊ ክፍል) ወታደሮች ጋር አብሮ ይነሳል እንጂ በባህላዊው ጭፈራና በሃይላንድ የስፖርት ጨዋታዎች የሚወዳደሩት ከሥሩ ቁምጣ ይለብሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የስኮትላንድ የታርታን (ኪልት የሚሠራበት ባለ መስመር ጨርቅ) ተቋም ዳይሬክተር የነበሩት ብራያን ዊልተን ያለ ውስጥ ልብስ መልበስ የልጅነት ሥራና ንጽሕና የጎደለው ነው ብለው በይፋ ተናግረዋል። የተከራዩት ልብስ ነገ ሌላ ሰው የሚለብሰው ነውና እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ። የውስጥ ልብስ ለብሰው የወጡ ሰው ጥያቄው ሲመጣም አይደነግጡም።

እጅ ሲመጣ እንደ ቀልድ ማለፍ

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። ሰክረው የመጡ ሰዎች ኪልቱን ከኋላ ይገልባሉ፣ ስልክ ከሥር ይሰዳሉ፣ ከዚያ «ቀልድ እኮ ነው» ይላሉ። ኢንቨርነስ ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት አስተናጋጆቹ እጃቸው መጠጥና ሳህን ይዞ ሳለ በደንበኛ ሴቶች እየተገለቡ ስለተቸገሩ ኪልት መልበሱን እስከ መተው ደርሰዋል። አንድ ወንድ የአንዲት አስተናጋጅን ቀሚስ ቢገልብ ቀልድ የሚለው አይገኝም። ተገላቢጦሹም ቀልድ አይደለም። ወንድ ልጅ ስለሆኑ መቻል አለብኝ ብለው አይዋጡት።

ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። ስኮትላንድ በ2010 ባወጣችው ሕግ ከሰው ልብስ ሥር ያለፈቃድ ፎቶ ማንሳት ወንጀል ነው። እንግሊዝና ዌልስ ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ሁለቱም ወንድና ሴት አይለዩም፤ ኪልት የለበሰ ወንድ እንደማንኛውም ሰው ይጠበቃል። ልብስ ገልቦ ገላ መንካት ደግሞ ራሱን የቻለ ጥቃት ነው።

ሲሆን ምን ያድርጉ? አንድ እርምጃ ወደኋላ ይበሉ፣ ጀርባዎን ለግድግዳ ይስጡ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ዶንት ተች ሚ» ይበሉ። አይሳቁ፤ ሳቅዎ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ወዲያው ለቤቱ ሠራተኛ ወይም ለበር ጠባቂው ይንገሩ። አደጋ ካለ 999፣ ካለፈ በኋላ ለማመልከት 101 ይደውሉ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አይግፉ፣ አይማቱ። ግርግር ሲነሳ መጀመሪያውን ያየ ጥቂት ነው፤ ፖሊስ ሲደርስ ጥቁሩ ሰው ሲገፋ ብቻ ያየ ምስክር ሊበዛ ይችላል። ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ፣ እጅዎን ግን ዝቅ።

ሆቴል ወይም የውስኪ ፋብሪካ አስጎብኚነት የሚሠሩና ኪልቱ የደንብ ልብስዎ የሆነ፣ ነገሩን በሆዴ ይዤ ልቀር አይበሉ። ከጥቅምት 26 ቀን 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ አሠሪ ሠራተኞቹን ከወሲባዊ ትንኮሳ ለመከላከል ተገቢውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያየውን ሰው ስም ጽፈው ለአለቃዎ በጽሑፍ ይስጡ። በቃል የተነገረ ይረሳል።

ትንሿን ቢላዋ ለማሳየት መምዘዝ

ካልሲ ውስጥ የምትሻጠው ስኪየን ዱ እንደ ብሔራዊ ልብስ አካል ሕጉ ይፈቅዳታል። ይህ ፈቃድ ግን ለመልበስ ነው። ማንም ቢለምንዎ አይምዘዟት። አውሮፕላን ሲሳፈሩም በእጅ ሻንጣ አትገባም። ከቻሉ ከኪራይ ቤቱ ስለት የሌላትን የፕላስቲክ ይውሰዱ።

«አንተ ስኮትላንዳዊ ነህ እንዴ?» ሲባሉ ማፈር

ብዙ ጊዜ ይህ ከክፋት አይመጣም፤ ይቅርታ የሚጠየቅበትም ነገር የለውም። ማን ይልበስ፣ ማን አይልበስ የሚል ሕግ የለም። የቤተሰብ ታርታን መልበስ የከበደው ሰው እንደ ብላክ ዋች ያለውን ማንም የሚለብሰውን ይምረጥ። «ጓደኛዬ ሚዜ አድርጎኝ ነው» ከበቂ በላይ መልስ ነው።

ጊዜ ካለዎት ታሪኩን ይንገሩት። በ1746 የካሎደን ጦርነት ካለቀ በኋላ የለንደን መንግሥት የሃይላንድ ልብስን ለወንዶች ከለከለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሶ የተገኘ ስድስት ወር ይታሰር፣ የደገመ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዝ ነበር። ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። ሰዎች የታሰሩበትን ልብስ እንደለበሱ ሲሰማ የሚሳለቀው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቁም ነገር ይመለሳል። ስኮትላንዳውያንን የሚያስቀይማቸው ባዕድ መልበሱ አይደለም፤ ከርካሽ ቀይ ዊግ ጋር መጫወቻ ማድረጉ ነው።

ቤተሰብ ሳያዘጋጁ ፎቶ መላክ

ፎቶው አዲስ አበባ በደረሰ በደቂቃ ስልክ ይጮኻል፦ «ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?» እናት ደንግጣ ስትጠይቅ መቆጣትና ስልክ መዝጋት ነገሩን ያባብሰዋል፤ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ያልሆነ ነገር ያወራል። ከሰርጉ በፊት ራስዎ ደውለው «እማዬ፣ የአገሩ ወንዶች የክብር ልብስ ነው፣ ሙሽራውም እኔም እንለብሳለን» ይበሏቸው። የአፋር ወንድ ሽርጥ ለብሶ ያዩ እናት ቶሎ ይገባቸዋል። ፎቶ ሲልኩም ብቻዎን የቆሙበትን ትተው ሙሽራው፣ አባቱና ሚዜዎቹ ሁሉ አብረው ያሉበትን ያስቀድሙ።