ውሻ ወይም ድመት ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፦ ከዋዜማው እስከ ስፌቱ መፍቻ እንዴት ታስታምማላችሁ?

በጎጃም በግ ሲኮላሽ ያላየ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አውራው ይያዛል፣ ይቀጠቀጣል፣ ተነሥቶ ከመንጋው ይቀላቀላል። የውሻና የድመቱንም ማኮላሸት እንዲሁ ቀላል አድርጎ የሚያስብ ብዙ ነው። ውሻና ድመት ግን ማደንዘዣ ተወግተው፣ ቆዳቸው ተከፍቶ ነው የሚሠራላቸው። ሐኪሙ ምንም ጎበዝ ቢሆን፣ ባለቤቱ በዋዜማውና በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ካልተጠነቀቀ ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በብዛት ስለ ባለቤቱ ድርሻ ነው።

ክሊኒክ መምረጥ

የወረዳ የእንስሳት ክሊኒኮች አብዛኛው ሥራቸው ከብት፣ በግ፣ ፍየልና የጋማ ከብት ነው። እንስሳውን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ወይም ደርሳችሁ ጠይቁ፦ ውሻ ወይም ድመት ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ? ማደንዘዣውና የስፌት ክሩ እዚያው አለ ወይስ ገዝታችሁ ነው የምትመጡት? ቀጠሮው የገበያ ቀን ባይሆን ይመረጣል፤ ግቢው በከብት ሲሞላ ውሻው ይሸበራል፣ ሐኪሙም ይዋከባል። በአካባቢያችሁ የሚሠራ ካጣችሁ ባህር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ አጠያይቁ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ስለሚያስተምር እዚያ መጠየቅም ይጠቅማል።

ለሐኪሙ ምንም አትደብቁ። እርጉዝ ትሆናለች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ተናገሩ። ሴት ውሻ ወንድ በምትፈልግበት ወቅት የማህፀኗ የደም ሥሮች ስለሚያብጡ በቀዶ ሕክምናው ብዙ ትደማለች፤ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ወር መቆየት ይሻላል። መዥገር የወረረው ውሻ ደሙ ቶሎ የማይረጋበት ጊዜ ስላለ ይህም ይነገር። ከሁሉም በላይ የእብድ ውሻ ክትባት መቼ እንደተከተበ፣ በቅርቡም ሰው ነክሶ እንደሆነ አሳውቁ። የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ታስሮ ይታያል፤ የተነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ቀጠሮ የማይጠበቅለትም አለ። ጅብ የነከሰው ውሻ ላዩ ሲታይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይኖረዋል፤ ውስጡ ግን ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል አሳድሩት አትበሉ። ምጥ ይዟት አጥብቃ እያማጠች ግማሽ ሰዓት ያለፋትና ያልወለደች፣ ወይም ወንድ ከፈለገች ከሳምንታት በኋላ ውሃ እያበዛች መግል የሚወጣት ውሻ ወይም ድመትም እንዲሁ ወዲያው ትወሰድ።

ዋዜማው

ቀዶ ሕክምናው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ምግብ አይቅመስ። ማደንዘዣ የሚያስመልስ ነው፤ ተኝቶ ሳለ የወጣው ምግብ ወደ ሳንባ ከገባ ሊገድለው ይችላል። ውሃ እስከ ንጋት ድረስ ቢጠጣ አይጎዳም። ገና ትንንሽ ለሆኑ ቡችሎችና የድመት ግልገሎች ረጅም ጾም አደገኛ ስለሆነ ሰዓቱን ሐኪሙ ይወስንላችሁ። ውሻ በጓሮና በመንደር ያገኘውን ስለሚለቅም ቤት ውስጥ ወይም በአጥር ታስሮ ይደር። ለፋሲካ ማግስትማ ቀጠሮ ባትይዙ ነው የምመክረው፤ አጥንት በየደጁ ተጥሎ ሆዱ ባዶ የሚሆን ውሻ አይገኝም።

ድመት በከረጢት አይወሰድም፤ ይታፈናል። ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ አሮጌ ልብስ አንጥፋችሁ፣ ከላይ በነጠላ ሸፍናችሁ ውሰዱት። ውሻ በገመድ ይያዝ፤ የሚነክስ ከሆነ አፉ በጨርቅ ይታሰር። የሚያስተኛው መርፌ ከተወጋ በኋላ ግን ዛይላዚን የተባለው መድኃኒት ስለሚያስመልስ፣ ሐኪሙ ሲነግራችሁ ጨርቁን ፍቱለት።

ክሊኒኩ ውስጥ

ማደንዘዣ የሚሰጠው በኪሎ ተሰልቶ ስለሆነ በግምት አይሁን። ለትንሽ እንስሳ የሚሆን ሚዛን ከሌለ በሰው ሚዛን ላይ አቅፋችሁት ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን፤ ልዩነቱ የእሱ ኪሎ ነው። ኬታሚን የተባለውን ማደንዘዣ የተወጋ እንስሳ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፤ ሞተ ብላችሁ አትደንግጡ። ወንድ ውሻ ሲኮላሽ ከቆለጡ ከረጢት ትንሽ ፊት ለፊት ይከፈታል። የሴቷ ግን ሆዷ ተከፍቶ ማህፀኗ ስለሚወጣ ከባድ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል።

የመጀመሪያው ሌሊት

ደብረ ማርቆስ ከባህር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ማታው ይበርዳል። ከማደንዘዣ የሚነቃ እንስሳ ደግሞ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በጎኑ አስተኝታችሁ በአሮጌ ጋቢ ሸፍኑት፣ ለብ ያለ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስም በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አድርጉ። ጠርሙሱ እርቃኑን ቆዳውን አይንካ፤ ያቃጥለዋል። እሳት ዳር አታስተኙት።

በየሰዓቱ ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን እዩ። በጣት ጫን ስትሉት ይነጣል፣ ስትለቁት በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ተመልሶ ሮዝ መሆን አለበት። ነጥቶ ከቀረ ውስጥ ውስጡን እየደማ ሊሆን ስለሚችል በሌሊትም ቢሆን ሐኪሙ ይደወልለት።

ቆሞ መራመድ ሳይጀምር ውሃም ሆነ ምግብ አትስጡት። ከዚያ ጥቂት ውሃ፣ ቀጥሎ ከወትሮው እኩሌታ ምግብ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻም ለድመትም መርዝ ስለሆነ ወጥ የነካው እንጀራ አይሆንም። ሽንኩርት ባልገባበት የሥጋ መረቅ የራሰ እንጀራ ወይም የተቀቀለ ሩዝ ይበቃዋል።

ሲያቃስት አይታችሁ የቤት መድኃኒት እንዳትሰጡ አደራ! አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ድመት ትገድላለች። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም የውሻንና የድመትን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ ከክሊኒኩ ሳትወጡ ለእንስሳ የሚሆን ማስታገሻ ጠይቁ።

ቁስሉን መጠበቅ

ቁስሉ ላይ አረቄ፣ ቅቤ ወይም አመድ አታድርጉ፤ ደርቆና ንጹህ ሆኖ እንዲቆይ ብቻ ተዉት። ትልቁ ጠላቱ የራሱ ምላስ ነው። በአንድ ሌሊት ልሶና ነክሶ ስፌቱን ሊፈታው ይችላል። ስለዚህ ከአሮጌ ባልዲ አንገትጌ ሥሩለት። የባልዲውን ቂጥ ጭንቅላቱ እንዲያልፍ ያህል ቁረጡ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ አንገቱን እንዳይቆርጠው በጨርቅ ጠቅልላችሁ ስፉት። ከዚያ በጠርዙ ዙሪያ አራት ቀዳዳ በስታችሁ የጨርቅ መቀነት አሳልፉ፣ በመቀነቱና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት እንዲገባ አድርጋችሁ እሰሩ። የባልዲው አፍ ከእንስሳው አፍንጫ ጥቂት ማለፍ አለበት፤ ካጠረ ይልሰዋል። ለድመት ቀለል ያለ ፕላስቲክ ፈልጉ።

በክረምት ጭቃና ዝንብ ስለሚበዛ ከደጅ አይደር፤ ዝንብ የጣለበት ቁስል ትል ያፈራል። ጠዋትና ማታ ስፌቱን እዩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ማበጥ ያለ ነው። እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ከሸተተ፣ መግል ወይም ደም ካወጣ፣ እንስሳው ከአንድ ቀን በላይ ካልበላ፣ ወይም ሙቀቱ ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ ወደ ክሊኒኩ መልሱት። የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ ተሻለው ብላችሁ አታቋርጡ።

ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይፈታል፤ እስከዚያ አይታጠብ፣ አይሩጥ። የወንድ ድመት ቁስል ብዙ ጊዜ ሳይሰፋ ስለሚተው የሚፈታ ክር የለውም። የተኮላሸ ወንድ ቀድሞ የተጠራቀመ ዘር ስላለው እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊያስረግዝ ስለሚችል፣ ያንን ያህል ጊዜ ከሴቶቹ አርቃችሁ ያዙት።