የዓሣው ውሃ አረንጓዴ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

ደብረ ብርሃን ላይ አኳሪየም ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ለብርዱ ነው። ዓሣዎቹ ይሙቃቸው ብሎ መስኮት ስር ያስቀምጠዋል። ክረምቱን በጭጋጉ ደህና ይከርማል። መስከረም ጠብቶ ፀሐይዋ ስትገባ ግን አልጌው፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በብርሃን የሚራባው ተክል መሰል ነገር፣ ይነሳል።

ውሃው የጎመን ቅቅል ከመሰለ

ይሄ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ ነው። መንስኤው የመስኮቱ ፀሐይና የተረፈ ምግብ ነው። ውሃ መቀየር ብቻውን አይፈታውም፤ የቀረችው ጥቂት አልጌ በቀናት ውስጥ ትራባለች። መፍትሄው ጨለማ ነው። ከመስኮቱ አርቁት፣ መብራቱን አጥፉ፣ 3 ቀን ሙሉ ሸፍኑት። እኔ የመንዝ ባና ነው የማለብሰው፤ ነጠላና ጋቢ ብርሃን ያሳልፋሉ። ከላይ ግን አየር መግቢያ ተዉለት፤ የአየር ፓምፑም አይጥፋ። የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ባናውን ስታነሱ ከውሃው 30 በመቶውን ቀይሩ።

ምግቡንም ቀንሱ። ጎልድፊሽ ብርድ ይችላል፤ 18 ዲግሪ ይመቸዋል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ግን የሚበላው ይቀንሳል፣ እኛ ደግሞ እንደ ወትሮው እንጨምርለታለን። ትርፉ ጠጠር ስር ገብቶ ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆናል። በ2 ደቂቃ የሚያልቅ ያህል ይበቃዋል።

መስታወቱ ላይ ቡናማ አቧራ

አዲስ አኳሪየም ላይ የተለመደ ነው። በስፖንጅ ጥረጉት፤ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል።

ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ ክር

መብራቱ ሲያድር የሚመጣ ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አዙሩት፤ ሱፍ እንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ተጠቅልሎ ይወጣል። መብራቱን በቀን በድምሩ ለ6 ወይም ለ8 ሰዓታት ያህል ብቻ አብሩ።

እንደ ስልባቦት የሚላጥ፣ የሚሸት ሽፋን

ሰማያዊ ቀመስ አረንጓዴ ነው። አልጌ ይመስላል እንጂ ባክቴሪያ ነው። ውሃው የማይንቀሳቀስበት፣ ቆሻሻ የተከማቸበት ጥግ ይወዳል። በቀጭን ጎማ ሳቡና አውጡት፤ የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) መውጫ ወደዚያ ጥግ አዙሩ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ተናዳችሁ ሁሉንም አውጥታችሁ አትፈትጉ። እኔ አምና ፊልተሩን ሳይቀር በቧንቧ ውሃ አጠብኩት። በሳምንቱ ሁለት ዓሣ ሞተብኝ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። የፊልተሩን ስፖንጅ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። አዲሱን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ ክፍት አድርጋችሁ 24 ሰዓት አቆዩት። እዚህ አገር ጠዋት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ ቤት ውስጥ ሲያድር ብርዱም ይሰበርለታል።