በብሪታንያ በኤጀንሲ በኩል የሚሠራ አሽከርካሪ ውሉንና ክፍያውን ከቋሚ ሠራተኛ ጋር እንዴት ያነጻጽራል?

የኤጀንሲ ሥራ የሚፈልግ አሽከርካሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በሰዓት ስንት ይከፈላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አያዋጣም፤ ምክንያቱም ኤጀንሲው የሚጠራው የሰዓት ዋጋ እና በቋሚ ሠራተኛው ውል ላይ የተጻፈው የሰዓት ዋጋ በውስጣቸው የያዙት ነገር አንድ አይደለም። ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ በኤጀንሲ በኩል ከባድ መኪና ወይም ቫን ለሚያሽከረክሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሰሜን አየርላንድ የራሷ ተመሳሳይ ደንብ አላት። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሠሪዎ ማን እንደሆነ መለየት

በኤጀንሲ ሥራ ውስጥ ቢያንስ ሁለት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሦስት ወገኖች አሉ፤ መኪናውንና መስመሩን የሚሰጠው ድርጅት፣ እርስዎን ወደዚያ የሚልከው ኤጀንሲ፣ እንዲሁም «አምብሬላ» የሚባለው ደመወዝ ከፋይ ኩባንያ። በኤጀንሲው በራሱ የደመወዝ መዝገብ ላይ ከሆኑ ግብርዎንና ናሽናል ኢንሹራንስዎን (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮዎን) ቀንሶ የሚከፍልዎ ኤጀንሲው ነው። በአምብሬላ በኩል ከሆነ ግን የሥራ ውል የሚፈራረሙት ከአምብሬላው ጋር ሲሆን፣ ኤጀንሲው ለእርሱ የሚልከው ገንዘብ የእርስዎ ደመወዝ ሳይሆን ደመወዝዎ የሚወጣበት ጠቅላላ ሒሳብ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም በራስ ስም ሊሚትድ ኩባንያ አቋቁሞ «የግል ተቋራጭ» ሆኖ መሥራት፣ ለአሽከርካሪ እምብዛም የሚመከር አይደለም። የራሱ መኪና የሌለው የከባድ መኪና ሹፌር እውነተኛ የግል ሠራተኛ ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ብቻ እንደሆነ የግብር መሥሪያ ቤቱ በግልጽ ተናግሯል። የግብሩ ዕዳ በኋላ ሲመጣ ኩባንያው የተመዘገበበትን ሰው ሊያገኘው ይችላል፤ ከዚህም በላይ እውነተኛ የግል ሠራተኛ የሆነ ሰው ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት የእኩልነት መብቶች ውጭ ይሆናል።

ከሚያዝያ 6 ቀን 2020 ጀምሮ ማንኛውም ኤጀንሲ ከአዲስ ሠራተኛ ጋር በሥራ ሁኔታው ከመስማማቱ በፊት «ቁልፍ መረጃ» የሚባል አጭር ሰነድ የመስጠት ግዴታ አለበት። በዚህ ሰነድ ላይ የሚከፍልዎ ማን እንደሆነ፣ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ፣ የሚቀነሱት ሒሳቦች በሙሉና በእጅዎ የሚገባው ገንዘብ በምሳሌ ተሰልቶ ይገኛሉ። ሰነዱን ሳያዩ አይፈርሙ። ከፊርማ ወረቀቶቹ መካከል ከ2003ቱ የኤጀንሲዎች ሥነ ምግባር ደንብ «በፈቃዴ ወጥቻለሁ» የሚል ካለ ደግሞ ይተዉት። በአምብሬላ ወይም በሊሚትድ በኩል ለሚሠሩ ሰዎች የሚቀርብ ወረቀት ሲሆን፣ ከታች የምናነሳውን የታይምሺት (የሠሩት ሰዓት የሚጻፍበት ቅጽ) ጥበቃ የሚያሳጣ ነው፤ ኤጀንሲውም ካልፈረሙ ሥራ አልሰጥም ሊልዎ አይችልም።

ሀገር ቤት ሥራ ላገናኘ ደላላ መክፈል የለመደ ሰው ይህንንም ልብ ቢል መልካም ነው፤ በብሪታንያ ኤጀንሲ ሥራ ስላገኘልዎ ከእርስዎ ገንዘብ መቀበል በ1973ቱ ሕግ ተከልክሏል። ገንዘቡን የሚያገኘው ከድርጅቱ ነው።

የሰዓት ዋጋውን ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት

ማንኛውም ሠራተኛ በዓመት 5.6 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ አለው፤ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ 28 ቀን ነው። ለቋሚው ሠራተኛ ይህ ከሰዓት ዋጋው በላይ የሚታሰብ ነው። በኤጀንሲ በኩል ግን የፈቃዱ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ በየሳምንቱ ክፍያ ውስጥ ተጨምሮ ይሰጣል፤ የሥራ ሰዓታቸው ለሚለዋወጥ ሠራተኞች ይህ አከፋፈል ከሚያዝያ 1 ቀን 2024 ወዲህ በሚጀምሩ የፈቃድ ዓመታት ሕጋዊ ሆኗል፤ ነገር ግን በፔይስሊፑ ላይ ለብቻው ተለይቶ መጻፍ አለበት። ስሌቱ የመሠረታዊ ክፍያው 12.07 በመቶ ነው። ስለዚህ ኤጀንሲው «የፈቃድ ክፍያን ጨምሮ በሰዓት 16 ፓውንድ» ሲል መሠረታዊው ዋጋ 14.28 ፓውንድ ብቻ ነው፤ አጠገብዎ የሚሠራው ቋሚ ሹፌር በ15 ፓውንድ ተቀጥሮ ከሆነ ይበልጥዎታል ማለት ነው፣ ምንም እንኳ ቁጥሩ ሲሰማ የእርስዎ የሚበልጥ ቢመስልም።

የአምብሬላው ሒሳብ ከዚህም የራቀ ነው። በሰዓት 20 ፓውንድ ተብሎ 40 ሰዓት ቢሠሩ ኤጀንሲው ለአምብሬላው 800 ፓውንድ ይልካል። ከዚህ ላይ አምብሬላው የራሱን የአገልግሎት ክፍያ፣ ለምሳሌ 25 ፓውንድ፣ ያነሣል፤ ቀጥሎም የአሠሪውን ናሽናል ኢንሹራንስ፣ ማለትም በሳምንት ከ96 ፓውንድ በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 15 በመቶ፣ እና 0.5 በመቶ የሥልጠና ግብር ይቀንሳል። የሚተርፈው ጠቅላላ ደመወዝ 683 ፓውንድ ከ50 ያህል ነው። የፈቃዱ ክፍያ በዚህ ውስጥ ስላለ እርሱ ሲወጣ መሠረታዊው የሰዓት ዋጋ ወደ 15.25 ፓውንድ ይወርዳል፤ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ ሲታከልበት ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። የእርስዎ የራስዎ ግብር ገና አልተነካም። ሃያውን ፓውንድ ከቋሚው ሠራተኛ አሥራ አምስት ፓውንድ ጋር ማወዳደር ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገሮችን ይጠይቁ። አንደኛው የእረፍት ሰዓት ይከፈላል ወይስ ከሺፍቱ ላይ ይቀነሳል የሚለው ነው፤ በቀን 45 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ሲቀነስ በሳምንት ውስጥ የግማሽ ቀን ደመወዝ ይሆናል። ሁለተኛው ዝቅተኛ የተረጋገጠ ሰዓት አለ ወይ የሚለው ነው፤ ለስምንት ሰዓት የተጠሩበት ሥራ በአራት ሰዓት ውስጥ ቢያልቅ ስምንቱ ይከፈልዎታል ወይስ አራቱ? የሁሉም ወለል የሆነው ብሔራዊ ዝቅተኛ ክፍያ ዕድሜያቸው 21 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ በሰዓት 12.71 ፓውንድ ነው፤ ከዚህ በታች የሚያወርድ ስምምነት ቢፈርሙበትም አይጸናም።

አሥራ ሁለቱ ሳምንታት

የጉዳዩ ልብ እዚህ ላይ ነው። ከጥቅምት 1 ቀን 2011 ጀምሮ የጸናው የኤጀንሲ ሠራተኞች ደንብ፣ አንድ ሰው በአንድ ድርጅት ውስጥ በአንድ የሥራ መደብ 12 ሳምንት ከሠራ በኋላ፣ ድርጅቱ በቀጥታ ቢቀጥረው ኖሮ ያገኘው የነበረውን መሠረታዊ የሥራ ሁኔታ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሉ ሁለት መብቶችም አሉ፤ እንደ ካንቲን፣ የመኪና ማቆሚያና ማረፊያ ክፍል ያሉ የጋራ አገልግሎቶችን መጠቀምና በድርጅቱ ስላሉ ክፍት የሥራ ቦታዎች መረጃ ማግኘት።

አቆጣጠሩን በተመለከተ አሽከርካሪዎች የሚስቱት ብዙ ነው። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሺፍት ብቻ ቢሠሩም ያ ሳምንት ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል። ወደ አንዱ ድርጅት የሚልክዎ ኤጀንሲ ቢለወጥ ቆጠራው አይጠፋም፤ ሕጉ የሚያየው የሚሠሩበትን ድርጅትና የሥራ መደቡን ነው እንጂ የላከዎትን ኤጀንሲ አይደለም። ስድስት ሳምንት ወይም ከዚያ በታች ሥራ ቢያቆሙ ቆጠራው ባለበት ቆሞ ይጠብቅዎታል፤ በሕመም ምክንያት ከሆነ እስከ 28 ሳምንት ይጠብቃል። ከስድስት ሳምንት በላይ ያለ በቂ ምክንያት ከራቁ፣ ወይም ወደ ሌላ ድርጅት ከተዛወሩ፣ ወይም ዋና ተግባሩ በእርግጥ የተለየ ሥራ ተሰጥቶዎት ይህም በጽሑፍ ከተነገርዎት ከአንድ ይጀምራል። የመኪናው ታርጋ ወይም የሚጫነው ዕቃ መለወጡ ብቻ ሥራውን «አዲስ» አያደርገውም። አንዳንድ ድርጅት አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ ሲደርሱ ሰውን እያዟዟረ ከግዴታው ሊያመልጥ ይሞክራል፤ ፍርድ ቤቱ ይህ ሆን ተብሎ መደረጉን ካረጋገጠ ከሚገባው ካሣ በተጨማሪ እስከ 5,000 ፓውንድ ሊፈርድ ይችላል። ቆየት ያሉ ሹፌሮች የሚያነሡት «የስዊድን ውል»፣ ማለትም በሥራ መካከል ጥቂት እየከፈለ የእኩል ክፍያ መብትን የሚያስቀረው ውል፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2020 ተሽሯል፤ ዛሬም እርሱን የሚጠቅስልዎ ካለ አይስሙት።

ከ12 ሳምንት በኋላ እኩል የሚሆነው መሠረታዊ የሰዓት ክፍያ፣ የትርፍ ሰዓት፣ የሌሊትና የቅዳሜና እሑድ ጭማሪ፣ ከግል የሥራ ውጤት ጋር የተያያዘ ጉርሻ፣ የሥራና የእረፍት ጊዜ ርዝመት እንዲሁም የዓመት ፈቃድ ነው። ቋሚዎቹ ከ28 ቀን በላይ ፈቃድ ካላቸው ተጨማሪው ለእርስዎም ይገባል። ውጭ የሚቀሩት ግን ቀላል አይደሉም፤ ድርጅቱ ከሕጉ በላይ የሚሰጠው የሕመም ክፍያ፣ የድርጅቱ የራሱ የጡረታ ዕቅድ፣ የሥራ መቀነስ ካሣ፣ ከድርጅቱ ትርፍ የሚሰጥ ጉርሻና የወጪ አበል አይካተቱም። የጡረታ መዋጮ በሕጉ መሠረት ከሚከፍልዎ ወገን ይመጣል፤ እርሱም ቢያንስ 3 በመቶ ያዋጣል፤ ምዝገባውን እስከ ሦስት ወር ማዘግየት ቢፈቀድለትም እርስዎ አስቀድመው በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ።

እኩልነቱ ከማን ጋር እንደሆነ በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። ድርጅቱ ለነባሮቹ 18፣ ለአዲስ ተቀጣሪዎች 16 ፓውንድ የሚከፍል ከሆነ የእርስዎ መለኪያ አሥራ ስድስቱ ነው። የሰዓቱ ብዛትም እኩል እንዲሆን ሕጉ አያስገድድም፤ በሊድስ የፖስታ ማዕከል ይሠራ የነበረ የኤጀንሲ ሠራተኛ ባቀረበው ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2019 የወሰነው ይህንኑ ነው። ቋሚው 39 ሰዓት ሲረጋገጥለት እርስዎ 20 ብቻ ቢሰጥዎ በዚህ ደንብ አይከሰስም። በእኔ አስተያየት የደንቡ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው፤ በሰዓት እኩል የሚከፈለው ሰው በሳምንቱ መጨረሻ እኩል ላይሆን ይችላል።

የማሽከርከር ሰዓት ሕጉ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በከባድ መኪና ላይ ከአራት ሰዓት ተኩል ማሽከርከር በኋላ የ45 ደቂቃ እረፍት፣ በቀን 9 ሰዓት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ 10 ሰዓት የሚለው ወሰን ለቋሚውም ለኤጀንሲውም ከመጀመሪያው ቀን እኩል ነው። በሁለት ኤጀንሲ የሚሠራ ሰው ሰዓቶቹ ተደምረው እንደሚታዩ አይርሳ።

መጠየቅና ማስረጃ መያዝ

ልዩነት አለ ብለው ከጠረጠሩ በቃል አይከራከሩ። በኤጀንሲ ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 5 መሠረት የሚገባዎት የሥራ ሁኔታ ምን እንደሆነና እንዴት እንደተወሰነ እንዲገለጽልዎ ለኤጀንሲው በኢሜይል ይጻፉ፤ የጠየቁት በደንብ ቁጥር 16 መሆኑንም ይጥቀሱ። ኤጀንሲው በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። 30 ቀን አልፎ መልስ ካልመጣ ያንኑ ጥያቄ በቀጥታ ለድርጅቱ ያቅርቡ፤ እርሱም 28 ቀን አለው። ዝምታ ወይም ሽሽት ያለበት መልስ በኋላ ፍርድ ቤት ፊት በእነርሱ ላይ ሊተረጎም ይችላል። ከሥራ ማስታወቂያ ላይ የተወሰደ የቋሚ ሠራተኛ ክፍያ ሥዕል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደብዳቤ ሁሉ ይበልጣል፤ ድርጅቱ ቋሚ ሹፌር ሲፈልግ የጻፈውን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ።

ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩ ከሆነ ለሳምንቶቹ ቆጠራ ከታኮግራፍ (የማሽከርከር ሰዓትን የሚመዘግበው መሣሪያ) ካርድዎ የተሻለ ምስክር የለም። ካርዱ ላይ የሚቆየው የቅርብ ጊዜው ብቻ ስለሆነ በየጊዜው አስነብበው ቅጂውን ይያዙ፤ ድርጅቱም የታኮግራፍ መረጃውን ቢያንስ አንድ ዓመት የማስቀመጥና ሲጠይቁት ቅጂ የመስጠት ግዴታ አለበት። ታይምሺትን በተመለከተ፣ ድርጅቱ አልፈረመም ወይም ለኤጀንሲው ገና አልከፈለም በሚል ምክንያት የሠሩበትን ደመወዝ መያዝ በ2003ቱ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ኤጀንሲው ሰዓቱን የማጣራት መብት አለው እንጂ የመከልከል መብት የለውም። የመኪና ጉዳት ተብሎ ከደመወዝ ላይ የሚቀነስ ገንዘብም ጉዳቱ ከመድረሱ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተስማሙበት በስተቀር ሕገ ወጥ ነው፤ ስለዚህ የውሉን «ኤክሰስ» (ከጉዳቱ ወጪ እርስዎ የሚሸፍኑት ድርሻ) የሚል አንቀጽ ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት።

መፍትሔ ካልተገኘ የሥራ ክርክሮችን ወደሚያስታርቀው ተቋም፣ ወደ አካስ፣ ይደውሉ፤ ወደ ሥራ ፍርድ ቤት ለመሄድ አስቀድሞ በእርሱ በኩል ማለፍ ግዴታ ነው፤ አገልግሎቱም በነፃ ነው። የጊዜ ገደቡ ለረጅም ዓመታት ጥሰቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሲጎድል አንድ ቀን ሆኖ ቆይቷል። በ2025 የወጣው ሕግ ወደ ስድስት ወር እንዲራዘም ቢደነግግም አጭሩን ገደብ ይዞ መቁጠር የሚያስከፍልዎ ነገር የለም። የዩናይት ወይም የሌላ ሠራተኛ ማኅበር አባል ከሆኑ ደብዳቤውን ራሳቸው ይጽፉልዎታል፤ አባል ለመሆን ቋሚ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም።

ወደ ቋሚነት መሻገር ከፈለጉ ኤጀንሲው ከድርጅቱ የሚጠይቀው የማስተላለፊያ ክፍያ ጊዜ እንዳለው ይወቁ። መጀመሪያ ከተላኩበት ቀን 14 ሳምንት ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ከሠሩበት ቀን 8 ሳምንት፣ ከሁለቱ ዘግይቶ የሚያልቀው ሲያልፍ፣ ድርጅቱ ያለ ክፍያ ሊቀጥርዎ ይችላል። ክፍያው በምንም መንገድ ከእርስዎ አይጠየቅም። ሥራ አስኪያጁ «እንወስድህ ነበር፣ ኤጀንሲው ብዙ ይጠይቀናል» ካለዎት እነዚህን ሁለት ቀኖች ጽፈው ይስጡትና መቼ ነፃ እንደሚሆኑ አብረው ይቁጠሩ።