በእርግዝና ክትትል ላይ ለምትሠሩ፦ የምትለኩትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ

ነፍሰ ጡሯ የደም ግፊቷ ተለክቶ ውጤቱ ያለ አንዳች ቃል ካርዷ ላይ ሲሰፍር፣ ዝምታውን ብዙ ጊዜ የምትተረጉመው «የደበቁኝ ነገር አለ» ብላ ነው። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ምን እንደምታደርጉና ለምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯት፤ ከለካችሁ በኋላም ቁጥሩን ከነትርጉሙ አሰሟት፦ «110 በ70 ነው፤ ጤናማ ነው፤ 140 በ90 ቢደርስ ግን በቅርበት እንከታተለው ነበር።» የፅንሱን የልብ ምት በምታዳምጡበት ጊዜ ደግሞ ያቺ አፍታ ለእናት እጅግ ረጅም ናትና፣ «ቦታውን እየፈለግሁ ነው» የሚለው አጭር ቃል ብቻውን ትልቅ እፎይታ ይሰጣታል።

ከመለያየታችሁ በፊት «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ባይገባትም እንኳ «አዎ» ማለቷ አይቀርም። ይልቁንም «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ እንዳውቅ፣ የትኞቹን ምልክቶች ካዩ ፈጥነው እንደሚመጡ ይንገሩኝ» በሏት። እንዲህ ሲባል የሚፈተነው የእናንተ ማብራሪያ እንጂ የእሷ ዕውቀት ስላልሆነ፣ ያልገባትን ሳታፍር ትጠይቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአንድ እርግዝና ቢያንስ 8 የክትትል ግንኙነቶች እንዲኖሩ የሚመክር በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ቀን የተገኘው እምነት ለቀሩት 7ም ስንቅ ነው።

ብዙ ደም የሚፈስሳት ወይም የሚያንቀጠቅጣት እናት ስትመጣ ግን ሕክምናው ይቅደም፤ ማብራሪያው እየሠራችሁ በአጭሩ ይሰጣል። እንደ ኤችአይቪ ያለውን ምርመራ ውጤትም አብሯት የመጣ ሰው ባለበት ጮክ ብላችሁ አትናገሩ።