ከጉዞ መዝገብ ወደ ልብ ወለድ፦ በሸራ ጀልባ ለሚጓዝ ደራሲ

ባሕር በብዙ ልብ ወለዶች ውስጥ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ገጸ ባሕርያቱ ይሳፈራሉ፣ ማዕበል ይነሣል፣ አንድ ሰው ይሰምጣል፣ ታሪኩም ደራሲው አስቀድሞ ወደወሰነለት ወደብ ይደርሳል፤ በዚያ ቀን ነፋሱ ከሌላ አቅጣጫ ቢነፍስ ኖሮ አንድም ምዕራፍ አይለወጥም ነበር። በሸራ ጀልባ መጓዝ የሚወድ ደራሲ ግን ከዚህ የተሻለ ሀብት በእጁ አለው፤ እርሱም በየሰዓቱ የሞላው የጉዞ መዝገብ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን መዝገብ ወደ ልብ ወለድ ለመለወጥ ምን መሠራት እንዳለበት ያስረዳል፤ ምሳሌውንም በዋናነት የሚወስደው ሥራውን አሳምሮ ከሠራው ከኧርስኪን ቺልደርስ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቺልደርስ በ1870 ለንደን ተወለደ፤ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ አየርላንድ ውስጥ በዊክሎ አውራጃ በእናቱ ዘመዶች ቤት አደገ፤ ካምብሪጅ ከተማረ በኋላም በእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ በትንንሽ ጀልባዎች ባሕር ይወርድ ነበር። በ1897 ቪክስን በተባለች፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል ርዝመት ባላትና ከሕይወት አድን ጀልባነት በተለወጠች ጀልባ ከኔዘርላንድስና ከጀርመን ጠረፍ ፊት ለፊት የተደረደሩትን የፍሪዥያን ደሴቶች ጎበኘ፤ እስከ ባልቲክ ባሕርም ዘለቀ። «የአሸዋው እንቆቅልሽ» የተባለው ልብ ወለዱ የታተመው ግን በ1903 ነው። በመካከሉ ስድስት ዓመታት አልፈዋል፤ ደራሲው በ1900 ወደ ደቡብ አፍሪካ ጦርነት ዘምቶ ተመልሷል። ከስድስት ዓመት በኋላ ሰው የፀሐይዋን መጥለቅ ያስታውስ ይሆናል እንጂ በየትኛው ሰዓት በየትኛው ደሴት ጀርባ ምን ያህል ውሃ እንደነበረ አያስታውስም፤ መጽሐፉ የቆመው ደግሞ በዚህ ዓይነቱ ዝርዝር ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መዝገቡን በአግባቡ መያዝ ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይግዙና ገጹን በአምዶች ይከፋፍሉት፤ ሰዓት፣ የኮምፓስ አቅጣጫ፣ ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫና ኃይሉ፣ የባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ንባብ፣ የተጓዙት ርቀት፣ የውሃው ጥልቀት፣ በመጨረሻም ሰፋ ያለ የማስታወሻ ቦታ ይኑረው። የነፋሱን ኃይል «ብርቱ» ወይም «ለስላሳ» ብለው አያስፍሩ፤ ከ0 እስከ 12 በሚሄደው የቦፎርት መለኪያ በቁጥር ይጻፉት፤ ጀማሪ «ብርቱ» የሚለውና ዕድሜውን ባሕር ላይ ያሳለፈ ሰው «ብርቱ» የሚለው አንድ አይደለምና። በቀለም ሳይሆን በእርሳስ ይጻፉ፤ እጅዎ ከገመድ ወደ ደብተር ሲመለስ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ቀለሙም ይፈስሳል። በሰዓት አንድ ጊዜ መሙላት ይበቃል፤ ሸራ ሲቀነስ፣ አቅጣጫ ሲለወጥ ወይም ጀልባይቱ መሬት ስትነካ ግን ሰዓቱ እስኪሞላ አይጠበቅም። ዛሬ ስልኩ ራሱ መንገዱን መዝግቦ ይይዛል የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ስልኩ የት እንደነበሩ እንጂ የት ያሉ መስሎዎት እንደነበር አይነግርዎትም፤ ለልብ ወለድ የሚጠቅመው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከዚህ መዝገብ ጎን ሌላ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይያዙ፤ ሰዎች የተናገሩት፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ምን እንደተበላና እጅ የዳሰሰው ሁሉ በዚህ ውስጥ ይግባ። ሁለቱን አይቀላቅሏቸው፤ የጉዞውን መዝገብ አብረውዎ የተሳፈሩት ሁሉ ሊያነቡት ይገባል፣ ማስታወሻው ግን የእርስዎ ብቻ ነው። እጅ የዳሰሰው ስል ለምሳሌ ጥልቀት የሚለካበትን የእርሳስ ብረት ማለቴ ነው። ይህ በምልክት በተከፋፈለ ገመድ ጫፍ የሚታሰር ከባድ ብረት ሲሆን፣ ከታች በኩል ጎድጓዳ ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ ሞራ ይጠቀጠቅበታል። ብረቱ ከባሕሩ ወለል ደርሶ ሲወጣ በሞራው ላይ አሸዋ፣ ጭቃ ወይም የቀንድ አውጣ ስብርባሪ ተጣብቆ ይመጣል፤ መሪውን የያዘው ሰው ያንን በጣቱ አሽቶ ከባሕር ካርታው ጋር ያስተያየዋል። በጭጋግ ውስጥ ያለ ሰው የት እንዳለ በጣቱ ሲያውቅ የሚያሳይ ትዕይንት ከማንኛውም የማዕበል ገለጻ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ሰዓቱን ለባሕሩ መስጠት ያስፈልጋል። በሰሜን ባሕር ዳርቻ ውሃው ስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ይጎድላል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። በፍሪዥያን ደሴቶችና በዋናው ምድር መካከል ያለው ባሕር በጉድለት ጊዜ አብዛኛው አሸዋና ጭቃ ሆኖ ይገለጣል። ከእያንዳንዱ ደሴት ጀርባ በሁለቱም ጫፍ የሚገባው ሙላት የሚገናኝበት ከፍ ያለ ቦታ አለ፤ ጀልባ ይህን ቦታ የምታልፈው ሙላቱ ጫፍ ሊደርስ ሲቃረብና ከደረሰም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። መተላለፊያው አሸዋው ላይ በተተከሉ የዛፍ ቅርንጫፎች ይመላከታል።

ደራሲው ይህን በግምት ሊተወው አይገባም፣ ሊያሰላው ይችላልና። መርከበኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ የሙላቱ ጠቅላላ ከፍታ ለ12 ይከፈላል፤ በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 3፣ 3፣ በአምስተኛው 2፣ በስድስተኛው 1 እጅ ይነሣል። ሙላቱ 3 ሜትር ነው እንበል፤ ውሃው በአራተኛው ሰዓት መጨረሻ 2.25 ሜትር፣ በአምስተኛው መጨረሻ 2.75 ሜትር ከፍ ብሏል ማለት ነው። ጀልባዎ ለመንሳፈፍ 1 ሜትር ውሃ የምትፈልግ ከሆነና የአሸዋው ጀርባ ከዝቅተኛው የውሃ መጠን በላይ 1.5 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ ለማለፍ የሚያስፈልገው 2.5 ሜትር ነው፤ ይህም ከሙላቱ ጫፍ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከጫፉም በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይገኛል። ገጸ ባሕርያትዎ ሦስት ሰዓት አላቸው፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። የልብ ሰቀላው ምንጭ ይህ ነው፤ ሽጉጥ መምዘዝ አያስፈልግም። በቺልደርስ መጽሐፍ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ምዕራፍም ሁለት ሰዎች በጭጋግ ውስጥ ከኖርደርናይ ደሴት ወደ መመርት ደሴት በትንሽ ጀልባ እየቀዘፉ፣ በኮምፓስ፣ በእጅ ሰዓትና በጥልቀት መለኪያ ብቻ መንገዳቸውን የሚያገኙበት ነው።

ከመዝገቡ ወደ ትዕይንት የሚደረገውን ሽግግር በአንድ ምሳሌ ላሳይ። መዝገቡ የሚከተለውን ይላል እንበል፦ «ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20። ነፋስ ምዕራብ፣ 4። ጥልቀት 1.5 ሜትር፣ ጭቃ። የሙላት ጫፍ 10 ሰዓት ከ50። 10 ሰዓት ሲሆን መሬት ነካን፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተላቀቅን።» ይህ እንዳለ ቢጻፍ ታሪክ አይሆንም፤ ውሃው ገና እየሞላ ስለነበር ጀልባይቱን ራሱ አንሥቷታል። ጀማሪ ደራሲ እዚህ ላይ ማዕበል ይጨምራል። እርስዎ ግን ሰዓቱን ብቻ ይለውጡ። ጀልባይቱ መሬት የነካችው 10 ሰዓት ላይ ሳይሆን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው ይበሉ፤ ሙላቱ ከ40 ደቂቃ በፊት ጫፉን አልፏል፣ ውሃው እየሸሸ ነው፣ ቀጣዩ ሙላት ደግሞ ጫፍ የሚደርሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ15 ነው። ጀልባይቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል በፊት አትንቀሳቀስም። በዚህ መካከል ዙሪያው ሁሉ ምድር ይሆናል፤ ከደሴቲቱ የተነሣ ሰው ፋኖስ ይዞ በእግሩ እስከ ጀልባይቱ ሊመጣ ይችላል። ትዕይንቱም እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

«ሰውየው ገመዱን እየሳበ እርጥቡ ጨርቅ ምልክት ጋ ሲደርስ አቆመ። ‹አንድ ሜትር፤› አለ። የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ሁለተኛ አላየውም። ወደ ታች ወርዶ ምድጃውን ለኮሰ። ‹አሁን ሻይ?› አለው ጓደኛው። ‹አሁን ነው ጊዜ ያለን፤› አለና መብራቱን ግን አላበራም።»

በዚህ ምልልስ ውስጥ ሙላትም ጉድለትም አልተጠራም፤ ሁኔታው እንደተበላሸ አንባቢው ያወቀው መብራቱ ባለመብራቱ ነው። ይህ የሚሠራው ግን አንባቢው የውሃውን ሕግ አስቀድሞ ካወቀ ብቻ ነው። በጣና ዳር ያደገ ሰው ውሃ በየዕለቱ ሸሽቶ ሲመለስ አላየም፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች፣ አደጋ በሌለበት ጊዜ፣ ጀልባይቱ አንድ ቀን በሰላም አሸዋ ላይ ተቀምጣ ተመልሳ ስትንሳፈፍ ያሳዩት። ሕጉን አንድ ጊዜ በጨዋታ ካየ በኋላ በጭንቅ ሰዓት ማስረዳት አያስፈልግም።

ለማስረዳት ደግሞ ቺልደርስ የተጠቀመበትን ዘዴ እመክራለሁ፤ የሚያውቅና የማያውቅ ሁለት ሰዎችን በአንዲት ጠባብ ጀልባ ውስጥ ማስቀመጥና ታሪኩን ለማያውቀው መስጠት። ተራኪው ካሩዘርስ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ ፍሌንስቡርግ በተባለው የጀርመን ወደብ ላይ ወደ ጓደኛው ወደ ዴቪስ ጀልባ የሚመጣው የተመቸ የመዝናኛ ጉዞ ጠብቆ ነው፤ ዴቪስ ግን ባሕሩን እንጂ ሰው ማጫወትን የማያውቅ ባሕረኛ ነው። አንባቢው ከካሩዘርስ ጋር ይማራል፣ ከእርሱም ጋር ይሰለቻል፣ በኋላም ከእርሱ ጋር ይኮራል። አዋቂውን ተራኪ ያደረጉ እንደሆነ ግን ሁለት ችግር ይገጥምዎታል፤ ወይ ለራሱ ግልጽ የሆነውን ሲያብራራ አስመሳይ ይሆናል፣ ወይ ሳያብራራ አንባቢውን ጥሎት ይሄዳል። የሙያ ቃላትንም በዚሁ መንገድ ይመጥኗቸው፤ ሸራ፣ መሪ፣ መልሕቅና ገመድ ይበቃሉ፤ ከዚያ ያለፈው ዕቃ በስሙ ሳይሆን በሥራው ይታወቅ፤ ማን እንደሳበው፣ ሲሳብ ምን እንደሆነ፣ ባይሳብ ምን ይሆን እንደነበር ይታይ።

በመጽሐፉ ውስጥ ካርታ ያስገቡ። ቺልደርስ አስገብቷል፤ እኔም ካርታ የሌለው የባሕር ልብ ወለድ ሲገጥመኝ ደራሲው ራሱ ካርታ እንዳልነበረው እጠረጥራለሁ። ካርታውን ከመጻፍዎ በፊት ይሳሉት፤ ጀልባይቱ በየምዕራፉ የምትገኝበትን ነጥብ፣ ቀኑንና የሙላቱን ሰዓት ምልክት ያድርጉበት።

ባሕሩ ያላመጣውን ነገር በግድ አያሳፍሩ። ቺልደርስ በመጽሐፉ ውስጥ የፍቅር ታሪክ የጨመረው ሳይወድ ነው፤ ይህም በግልጽ ይታያል፤ ልጅቷ ስትመጣ ነፋሱ ይቆማል። ችግሩ ሴት ገጸ ባሕርይ መኖሯ አይደለም፤ እርሷ ራሷ መሪ ይዛ፣ ሙላቱን አስልታ፣ የራሷ ጉዳይ ኖሯት ብትመጣ ኖሮ መጽሐፉ ይጠነክር ነበር። ቺልደርስ በ1904 ያገባት ሞሊ ኦስጉድ ከቤተሰቧ የጋብቻ ስጦታ ሆና በተሠራችው በአስጋርድ ጀልባ ከእርሱ ጋር ትጓዝ ነበር፤ በሐምሌ 1914 ጀልባይቱ «የአየርላንድ በጎ ፈቃደኞች» ለተባሉት የብሔርተኞች ታጣቂዎች ጠብመንጃ ጭና በደብሊን አጠገብ ወዳለው ሃውዝ ወደብ ስትገባም አብራ ነበረች። ልብ ወለዱን ከዚያ በኋላ ቢጽፈው ኖሮ ሌላ ሴት እናይ ነበር ብዬ አስባለሁ።

መቼ ይጻፋል ለሚለው ጥያቄ ደራሲዎች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። ጃክ ለንደን በ1907 ከሳን ፍራንሲስኮ ስናርክ በተባለች ጀልባው ተነሥቶ በሰላማዊ ውቅያኖስ ሲጓዝ በቀን አንድ ሺህ ቃል የመጻፍ ልማዱን ባሕር ላይም አልተወም፤ ጉዞው ግን በሕመም ምክንያት በ1908 ተቋረጠ። ጆሴፍ ኮንራድ በተቃራኒው ሃያ ዓመት ገደማ በመርከበኝነት ከኖረ በኋላ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ1895 አሳትሞ፣ ስለ ባሕር የጻፈውን አብዛኛውን የጻፈው የብስ ላይ ተቀምጦ ነው። የእኔ ምክር ወደ ኮንራድ ያዘነብላል፤ ጀልባ ላይ መዝገብ ይሙሉ፣ የብስ ላይ ይጻፉ። በምትናወጥ ጀልባ ውስጥ ወረቀት ላይ ያቀረቀረ ሰው በመጀመሪያ የሚያጣው ምሳውን ነው።

የራሱ ጀልባ የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። በአውሮፓና በአሜሪካ ወደቦች የሚገኙ የጀልባ ክበቦች ለውድድር የሚረዳ ተጨማሪ ሰው ብዙ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ገመድ ለመሳብና ለመታዘዝ ፈቃደኛ የሆነ ጀማሪ ቦታ አያጣም። አገር ቤት ያለ ጸሐፊ ደግሞ በባሕር ዳር ከተማ ሠልጥነው በዓለም መርከቦች ላይ ከሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ጋር ይቀመጥ፤ የሥራ መርከብ ሸራ ባይኖረውም የሌሊት ተረኛ ድካም፣ የመዝገብ አያያዝና የትእዛዝ አሰጣጥ ከእነርሱ ይገኛል።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሁለት ሰዎች ይስጡት። አንዱ ባሕር የሚያውቅ ይሁን፤ እርሱን ስለ ታሪኩ ውበት አይጠይቁት፤ በየገጹ ዳር የውሃውንና የነፋሱን ሰዓት ብቻ እያሰላ ይጻፍ፣ ከእርስዎ ስሌት ጋር ያልተስማማበትን ቦታ ሁሉ ያክብብ። ሁለተኛው ባሕር ያላየ ይሁን፤ ካርታውን ደብቀው ያስነብቡት፣ ሲጨርስም ደሴቱን፣ መተላለፊያውንና ጀልባይቱ አሸዋ ላይ የተቀመጠችበትን ቦታ በባዶ ወረቀት እንዲስልልዎ ይጠይቁት። ደሴቱን በተሳሳተ ጎን ካስቀመጠው ስህተቱ ከታየበት ምዕራፍ ሳይሆን፣ ደሴቱ መጀመሪያ ከተጠራበት ዓረፍተ ነገር ማረም ይጀምሩ።