በፈተና የደፈነ ሞዴል ቴሌግራም ላይ ሲወድቅ

ምልክቱ ይሄ ነው። ዜና በየዘርፉ የሚለይ ሞዴል (ከምሳሌ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም) ከአንድ ዌብሳይት በተሰበሰበ ጽሑፍ አሰልጥናችኋል። ስትፈትኑት ከመቶ ከ90 በላይ አመጣ። ከቴሌግራም የተወሰደ ጽሑፍ ስትሰጡት ግን እግር ኳሱን ፖለቲካ ይላችኋል።

ሞዴሉን ለመቀየር አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ፈተናውን ጠርጥሩ። ያው ዜና ርእሱ ብቻ ተቀይሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለጠፋል። ዳታውን ዝም ብላችሁ በውዛችሁ ከከፈላችሁት አንዱ ቅጂ ማሰልጠኛው፣ ሌላው መፈተኛው ውስጥ ይገባል። የወጣ ፈተና ማለት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ድግግሞሹን አጥሩ። ከዚያ ሞዴሉ ጨርሶ ያላየውን አንድ ምንጭ ለፈተና ብቻ አስቀምጡ። ውጤቱ ይወርዳል። አትደንግጡ፣ ድሮም ትክክለኛው ያ ነበር።

ቀጥሎ ፊደሉን እዩ። በአማርኛ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። «ፀሐይ»ን ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ፣ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። አንዲት ፀሐይ በ12 ዓይነት ትጻፋለች። ለእኛ አንድ ናት፤ ቃልን እንዳለ ለሚቆጥር ሞዴል ግን 12 የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። መፍትሄው ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ወደ አንድ ፊደል ማምጣት ነው፦ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነርባታቸው። ድምፃቸው ያው ስለሆነ ሃ፣ ሓና ኃም ወደ ሀ፣ ኣና ዓም ወደ አ ይግቡ። «ት/ቤት»ንም «ትምህርት ቤት» ብላችሁ ዘርዝሩ። ያኔ ሥዕል የሠዐለውና የሰአለው፣ ማለትም የለመነው፣ መቀላቀላቸው እውነት ነው። ግን አብዛኛው ሰው ሲጽፍ ድሮውንም አይለያቸውም። እኔ አንድ ጊዜ ማሰልጠኛውን አስተካክዬ፣ ሥራ ላይ የሚገባውን ጽሑፍ ማስተካከል ረሳሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ሞዴሉን ስረግም ዋልኩ።

አሁንም እምቢ ካለ አቋራጭ ይዞ ይሆናል። የዌብሳይቱ የስፖርት ዜና ሁሉ «ስፖርት ክፍል» በምትል መስመር የሚያልቅ ከሆነ፣ ሞዴሉ ስለ ኳስ ምን ያስጠናዋል? መስመሯን አጥፉና ያንኑ ዜና መልሳችሁ ስጡት። መልሱን ከቀየረ ወንጀለኛዋ ተገኘች። ከሁሉም ዜና አውጥታችሁ እንደ አዲስ አሰልጥኑት።

ስታሰለጥኑት የማሰልጠኛው ስህተት እየቀነሰ የማረጋገጫው (ሳይሰለጥንበት በየመሃሉ የምትፈትሹበት ጽሑፍ) ስህተት መጨመር ከጀመረ ደግሞ ሸምድዷል። እዚያው ላይ አቁሙት።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ቴሌግራሙ ካስቸገረ አነጋገሩ ራሱ ሌላ ነው። ዜናው «ቡድኑ ተሸነፈ» ያለውን እዚያ «ተበላን» ይሉታል። ከቴሌግራም ጥቂት መቶ ጽሑፍ በእጃችሁ ለይታችሁ ማሰልጠኛው ላይ ጨምሩ። ለፈተና ካስቀመጣችሁት ጋር ግን እንዳይደባለቅ።