ሳይጋገር የሚዘጋጀው የአጃ ጣፋጭ እንዳይፈረፈር ያደረግሁት

ያለ ምድጃ የሚዘጋጀው የአጃ ጣፋጭ ሲቆረጥ እየተፈረፈረ ያስቸገረኝ ማሩ ስላነሰ ሳይሆን፣ ማሩና የለውዝ ቅቤው ሳይሞቁ ሲገቡ ወፍረው በአጃው ላይ እኩል ስለማይዳረሱ ነበር። ማር መጨመሩ ይበልጥ ከማጣፈጥ በቀር አልረዳም።

ችግሩ የተፈታው ከ2 ኩባያ አጃ ግማሽ ኩባያውን አድቅቄ ከቀረው ጋር ስቀላቅለውና ማሩንና የለውዝ ቅቤውን ሳሞቃቸው ነው፤ ዱቄቱ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ እርጥበቱን ይይዛል። አጃውን አስቀድሞ በደረቅ መጥበሻ ማመስ ጥሬ ጣዕሙን ያጠፋል፤ ለእኔ ይህ የሚታለፍ ደረጃ አይደለም። ከዚያም ግማሽ ኩባያ የለውዝ ቅቤና ሲሶ ኩባያ ማር በለስላሳ እሳት እስኪቀጥኑ ብቻ አሙቄ፣ ፍሬያቸው ወጥቶ በሙቅ ውሃ ከራሱ በኋላ በደንብ የተጠነፈፉ ጥቂት ቴምሮችን ደቁሼ ጨመርሁና ሁሉንም ከአጃው ጋር አዋሃድሁ። ማርም ቴምርም ያው ስኳር የበዛባቸው ስለሆኑ፣ ጤናማ ቢባልም ቁራጩን አነስ ማድረግ ይሻላል።

ውህዱ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ በብርጭቆ ቂጥ በኃይል ተጭኖ ቢያንስ 2 ሰዓት በማቀዝቀዣ ካረፈ በኋላ በስለታም ቢላዋ ይቆረጣል፤ ውጭ ከቆየ ስለሚለሰልስ የተረፈውም ወደ ማቀዝቀዣው ይመለሳል።